ሆምስኩል የምታስተምሩ ወላጆች፦ ለልጆቻችሁ የሃይማኖት መጽሐፍ በምን ትመርጣላችሁ?

የሦስት እናት፣ ቨርጂኒያ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ፖስቱ ይረዝማል ይቅርታ፣ ልጆቹ ተኝተው ነው ምጽፈው።

ሦስት ልጆች አሉኝ፣ 11፣ 8 እና 5 ዓመት። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ቤት ነው የማስተምራቸው። ሂሳቡም እንግሊዝኛውም እንደፈራሁት አልሆነም፣ ለካውንቲው የሚገባውንም ወረቀት ከኦገስት 15 በፊት አስገብቼ ተገላግያለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ የሃይማኖት መጽሐፍ መምረጡ ነው። እኛ ተዋሕዶ ነን። መጀመሪያ ላይ «ክርስቲያናዊ» የሚል ተጽፎበት አየሁና አንድ ሙሉ ፓኬጅ ገዛሁ (ዋጋውን እዚህ አልጽፍም ባሌም እዚህ ግሩፕ ውስጥ አለ)። ሲመጣ የቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ከሐዋርያት ይነሳና አንድ ሁለት ሰማዕት ጠርቶ ዘሎ ጀርመን ሉተር ጋ ያርፋል፣ መሃል ላይ ያለው ከሺህ ዓመት በላይ የት ገባ? ኢትዮጵያ ምትባለው ጃንደረባው ሰረገላ ላይ ብቅ ትላለች፣ ሰረገላው ሲያልፍ አብራ ታልፋለች፣ በቃ። ስዕሉ ላይ ደሞ ጃንደረባው ራሱ የፈረንጅ መልክ ነው ያለው። የ8 ዓመቱ ልጄ «ማሚ ይሄ እኛን አይመስልም» አለኝ፣ ምን ልበለው።

እሺ ብዬ እናቴ ስትመጣ የልጆች መንፈሳዊ መጽሐፍ ይዘሽልኝ ነይ አልኳት። ከበርበሬውና ከሽሮው ቀንሳ 14 መጽሐፍ ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቃ መጣች፣ እግዜር ይስጣት። ግን ግማሹ ለልጅ የተጻፈ አይደለም፣ የትልቅ ሰው መጽሐፍ ላይ ስዕል ጨምረውበት ነው። አንዱ ዐረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይሄዳል፣ ፊደሉ ጉንዳን ነው ሚያክለው። አንዱ ደሞ የቂርቆስና የኢየሉጣ ታሪክ ነው፣ የፈላው ጋን ውስጥ ሲከቷቸው ገጹን ሞልቶ ተስሏል። እኔ ሳላየው የ5 ዓመቷ አየችው። ይሄው ሦስት ሳምንቷ፣ ፓስታ ስቀቅል ኩሽና ድርሽ አትልም።

እናንተ እንዴት ነው ምታደርጉት? የመጽሐፍ ስም ዝርዝር ብቻ አትላኩልኝ፣ ዝርዝርማ ሞልቶኛል፣ በምን እንደምትመርጡ ንገሩኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የፓስታው ነገር አንጀቴን በላው፣ እየሳቅኩም ነው ይቅር በይኝ እህቴ።

እኔ 4ኛ ዓመቴ ነው። እንዳንቺ በመጀመሪያው ዓመት ከስሬያለሁ። አሁን ሳልገዛ በፊት ከላይብረሪ አስወጣለሁ፣ እነሱ ጋ ከሌለ ከሌላ ላይብረሪ በነጻ ያስመጡልኛል። የእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ ቅዱስ ከሆነ ከመጀመሪያው አላነብም፣ ሁለት ቦታ ብቻ ገልጬ አያለሁ። አንዱ ያልሽው የሐዋርያት ሥራ 8 ነው። ጃንደረባውን ሀብታም፣ የንግሥት ባለሟል፣ በራሱ ሰረገላ ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ሚያነብ ሰው አርገው ከሳሉት ሰዎቹ መጽሐፉን አንብበዋል ማለት ነው፣ እንደ ሎሌ ወይ እንደ ነጭ ከሳሉት አላነበቡም። ሁለተኛው ስቅለት ነው። ከሆሳዕና ተነስቶ ትንሣኤ ላይ ዱብ ሚል የልጆች መጽሐፍ አለ ብትሉኝ አላምንም ነበር፣ አለ፣ በእጄ ይዤዋለሁ። ልጅ እንዳይደነግጥ ብለው ነው አሉ። ታድያ ማን ሞቶ ነው የተነሳው?

እዚህ ሜሪላንድ ካውንቲው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ፖርትፎሊዮ (ልጆቹ የሠሩትን የምናስቀምጥበት ማህደር) ሊያይ ይችላል። የሃይማኖት መጽሐፉን ማንም አይጠይቀኝም፣ ግን ልጆቹ ሀሁ እየጻፉ የሞሉትን ደብተር ሌላ ቋንቋ ብዬ አሳያለሁ፣ ገምጋሚዋ ፊደሉን አይታ በጣም ነው የወደደችው።

ኦሃዮ አባወራ

እኔ ግን ያልገባኝ ልጅ ለምን ቤት ይዘጋበታል? ልጅ ከልጅ ጋ ነው ሚያድገው። እኛ መንግሥት ትምህርት ቤት ተምረን ሃይማኖታችን የት ሄደ?

የሦስት እናት፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ እሱ ሌላ ፖስት ይሁን፣ እመጣልሃለሁ። አሁን መጽሐፍ ላይ ነኝ።

ጎረቤታችሁ ጴንጤዋ

ካላባረራችሁኝ እኔም ልግባ 😊 እኛም ቤት ነው ምናስተምረው፣ ዳላስ። አንድ ነገር ላስተካክል፣ ያ ፓኬጅ «የጴንጤ ስለሆነ» ለኛ የተመቸን እንዳይመስልሽ። የኛንም ቤተ ክርስቲያን አያውቃትም። በደርግ ጊዜ ወላጆቻችን በር ዘግተው በሹክሹክታ ሲዘምሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ የመጽሐፉ ልጅ ግን ትልቁ ፈተናው ቤዝቦል ጨዋታና የሰንበት ትምህርት በአንድ ሰዓት መሆናቸው ነው።

እኔ ቤት ያመጣብኝ ጣጣ ሌላ ነው። «ጸለየ፣ አገኘ» ሚሉት መጽሐፎች። ልጁ ብስክሌት አማረው፣ ጸለየ፣ ብስክሌቱ መጣ፣ ተፈጸመ። ልጄ እንደዚህ ያሉ 20 መጽሐፍ አንብባ አደገች፣ እኔ ነኝ የገዛሁላት። ከዛ እናቴ ሀገር ቤት ታመመች። ልጄ ልክ እንደመጽሐፉ ተንበርክካ ጸለየች፣ ቀን ቆጥራ። እናቴ አረፈች። ለሁለት ወር ያህል መጽሐፍ ላንብብልሽ ስላት ጀርባዋን ትሰጠኝ ነበር፣ እኔም ለቅሶዬ ላይ ስለነበርኩ አልገፋሁባትም። አንድ ቀን ዳዊት ጮክ ብዬ ሳነብ 13 ላይ «እስከ መቼ» እያለ ሲጮህ ሰማችና «እግዜርን እንዲህ ማለት ይቻላል እንዴ?» አለችኝ። ይቻላል አልኳት። ድገሚልኝ አለች።

ከዛ ወዲህ ምመርጠው መጽሐፍ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ለምኖ ያልተሰጠው መኖር አለበት። ጳውሎስ እንኳ እሾሁ ይውጣልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ለምኖ አልወጣለትም።

ለንባብ ደሞ የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስ ነው የምንጠቀመው፣ ይከብዳል ይሉኛል። «የሚያሳጣኝም የለም» ሚለውን ለማስረዳት አንድ ሻይ ጠጥተናል፣ ግን አሁን በቃሏ ነው። ለትንሹ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ይቀለዋል።

የሦስት እናት፣ ቨርጂኒያ

እህቴ ነፍስ ይማር። ይሄን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። የብስክሌቱ መጽሐፍ እኛም ቤት አለ፣ በኛው ላይ ልጁ የጠየቀው ውሻ ነው።

ሒሳብ ወዳድ

የእናንተ ፓኬጅ ውስጥ የሳይንስ መጽሐፍ አለ? የኛ «ዓለም የተፈጠረችው ከክርስቶስ በፊት 4004 ላይ ነው» ይላል። ይሄ አየርላንድ የነበረ አሸር ሚባል ጳጳስ በ1650 ያሳተመው ቁጥር ነው። ልጄ (10 ዓመቱ ነው) እንቁጣጣሽ ላይ ካህኑ ዘመን ሲያውጁ 7518 ዓመተ ዓለም ሲሉ ሰምቶ ቤት መጥቶ ደመረ ቀነሰ፣ «ዳዲ እኛ 5500 ነው ምንለው፣ መጽሐፉ ወደ 1,500 ዓመት ጎደለው» ብሎ አፋጠጠኝ።

መልሱን ፍለጋ ዘፍጥረት 5 ላይ ገባን። አዳም ሴት የተባለውን ልጁን ሲወልድ በእንግሊዝኛው 130 ዓመቱ ነው፣ በግዕዙ 230። የኛ ሰብዓ ሊቃናት ወደ ግሪክ የተረጎሙትን ተከትሎ ነው፣ እንግሊዝኛው ዕብራይስጡን። ከዛ በብዙዎቹ አባቶች ላይ መቶ መቶ ይጨመራል፣ አንድ ከሰዓት ሙሉ ሠንጠረዥ ስንሠራ ዋልን። ማን ትክክል እንደሆነ አልነገርኩትም ምክንያቱም ሁለቱም ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቁ ነው የፈለግኩት።

በነገራችን ላይ ማካፈል ለምታስተምሩ፦ 7518 ለ 4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ ነው፣ ዘንድሮ 2018 ዘመነ ማርቆስ የሆነው ለዛ ነው። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ልጄ የተወለደበትን ወንጌላዊ አስልቶ አገኘ፣ ከዛ የእናቱን፣ ከዛ የሰፈሩን ሰው ሁሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ይሄን ሰረቅኩህ። ነገ ጠዋት ትምህርታችን ነው።

ዲያቆኑ፣ ዴንቨር

ስለ ቂርቆስ መጽሐፍ ትንሽ ልበል፣ እህቴ የ5 ዓመቷን ልጅ ነገር ሳነብ አዝኛለሁ።

ገድል ሲጻፍ ልጅ ለብቻው ተቀምጦ እንዲያነበው ታስቦ አይደለም። በበዓሉ ቀን ጉባኤ ፊት ይነበባል፣ ልጁ እናቱ ቀሚስ ስር ሆኖ ይሰማል፣ ግማሹን ሲሰማ ግማሹን ይተኛል። እኔ ሐምሌ 19ን ስንት ጊዜ ሰምቼ ነው ያደግኩት፣ ፈርቼ አላውቅም፣ ምክንያቱም ጆሮዬ ላይ የቀረው «ገብርኤል መጣ፣ ውሃው በረደ» የሚለው ነው። መጽሐፉ ሲታተም ሠዓሊው የመረጠው የፈላውን ሰዓት ነው። የበረደውን ሰዓት ቢስል ኖሮ ልጅቷ ዛሬ ፓስታ ትቀቅል ነበር። ስለዚህ እኔ የልጆች መጽሐፍ ሳይ መጀመሪያ ማየው የትኛው ቅጽበት እንደተሳለ ነው።

ሌላ፣ ከገድሉ ሁሉ ለምን ከደሙ እንደምንጀምር አይገባኝም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ 60 አንበሳና 60 ነብር ይዘው ሲሄዱ የማይወድ ልጅ አለ? ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ተገርፎ ጠፍቶ ሲሄድ ዛፍ ስር ተቀምጦ ትሏ ወድቃ ወድቃ በመጨረሻ ስትወጣ ማየቱ፣ ሆምስኩል ለሚማር ልጅ ከዚህ በላይ ምን አለ። አባ ሰላማ ራሱ ታሪኩ ሲጀምር ልጅ ነበር፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ሁለት ልጆች ቀይ ባሕር ላይ ከመርከብ ተርፈው አክሱም ቤተ መንግሥት ሲያድጉ። ኩፋሌ ምዕራፍ 11 ላይ አብራም የ14 ዓመት ልጅ ሆኖ ዘር የሚለቅሙትን ቁራዎች እየሮጠ ሲያባርር አለ፣ ከዛ ሞፈሩ ላይ ዘር መያዣ ገጥሞ ቁራ እንዳያገኘው እየቀበረ እንዲዘራ ያስተምራቸዋል። ይሄ 81ዱ የመጽሐፍ ቅዱሳችን መጻሕፍት ውስጥ ስላለ የፈረንጅ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ አታገኙትም። ለልጆች አውርቷቸው፣ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም።

ስዕሉን በተመለከተ ደግሞ ፓኬጁን ለመመለስ አትቸኩሉ። በድሮው የኛ ስዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ነው የሚሳለው፣ ክፉው በጎን፣ አንድ ዓይን ብቻ። ይሄን ለልጆች ንገሯቸውና ጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ፎቶ ከፍታችሁ አሳዩዋቸው፣ ጣሪያው ሙሉ ክንፍ ያለው የመላእክት ፊት ነው። ከዛ በኋላ የፈረንጁን መጽሐፍ ራሳቸው ይተቹታል።

ጎረቤታችሁ ጴንጤዋ

ዲያቆን፣ ኩፋሌ የኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፣ 66 ነን 🙂 ግን የቁራው ታሪክ ተረት ብዬም ቢሆን ልነግራቸው ነው፣ ይፈቀድልኛል?

ዲያቆኑ፣ ዴንቨር

ቁራውን አባርሪ እንጂ እህቴ ማን ይከለክልሻል።

አትላንታ

እኔ ደሞ የምጠይቀው፣ ጠንቋይና አስማት ያለበት የእንግሊዝኛ ልብወለድስ? የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ሙሉ በሙሉ ከቤት አስወጡ ይሉኛል። ልጄ 12 ዓመቷ ነው ጓደኞቿ ሁሉ ያነባሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

አያቴ ማታ ማታ ጭራቅ ሰው ሲበላ እያወራችልን ነው የተኛነው፣ ጠዋት ኪዳን ታስደርሰን ነበር። እኔ ሚያሳስበኝ ጭራቁ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ ጭራቁ ጎበዝ ሆኖ ከተገኘ ነው። አብረሽ አንብቢ፣ 12 ዓመት ልጅ ደብቃ ከምታነበው ይሻላል።

አትላንታ

አብሬ ለማንበብ ጊዜው የለኝም፣ ማታ ሺፍት ነኝ። ቢሆንም እሺ፣ ኦዲዮውን መኪና ውስጥ እሞክራለሁ።

ፍራንክፈርት

ቀናሁባችሁ። ጀርመን ቤት ማስተማር አይፈቀድም፣ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታ ነው፣ ስለዚህ እኔ ያለኝ ቅዳሜ ብቻ ነው። የሃይማኖት ትምህርት እዛው ትምህርት ቤት አለ፣ ካቶሊክ ወይ ፕሮቴስታንት፣ የኛ ልጆች አንዱ ጋ ይቀመጣሉ ወይ ሥነ ምግባር የሚሉትን ይወስዳሉ።

አማርኛ መጽሐፍ ልጆቼ ማንበብ አይችሉም። ያገኘሁት መላ አማቴ ናት። መጽሐፉን አዲስ አበባ ሁለት ኮፒ አስገዛሁ፣ አንዱ እሷ ጋ አንዱ እኛ ጋ። እሷ በቴሌግራም ቮይስ ታነባለች፣ ልጆቹ ገጹን እየገለጡ በጣት ይከተላሉ። መሃል ላይ ዶሮ ይጮሃል፣ ጎረቤት ገብቶ ቡና ይጠጣል፣ እሷ «ቆይ ልጆች» ብላ ሰላምታ ተለዋውጣ ትመለሳለች። ልጆቹ መጽሐፉን ሳይሆን ጎረቤቷን ወ/ሮዋን ነው ሚጠብቁት ልበል? ግን ፊደል ለየ ልጄ፣ ከምር፣ በስምንት ወር።

ለእሱ ብዬ ስመርጥ ሁለት ነገር አያለሁ፣ ፊደሉ ትልቅ መሆኑንና በአንድ ገጽ ከሦስት መስመር አለመብለጡን። ይዘቱን አማቴ ታርመዋለች፣ ካልወደደችው ዘላው ትሄዳለች፣ ልጆቹ «አያቴ ገጽ ዘለልሽ» ይሏታል።

አዲስ አበባ ነኝ

ሳነባችሁ ገረመኝ፣ እኛ እዚህ ልጆቻችንን እንግሊዝኛ ይቻሉ ብለን የፈረንጅ መጽሐፍ ፍለጋ እንሮጣለን እናንተ የኛን ፍለጋ 😂

ከዚህ ለምታስገዙ ምክር፦ በስልክ አታስገዙ። ሰው ልካችሁ ገልጦ ይይላችሁ። የወረቀት ዋጋ ከተወደደ ወዲህ ማያያዣው ክር ሳይሆን ማስቲሽ ብቻ የሆነ አለ፣ ልጅ አንዴ ሲከፍተው ይበታተናል። የፊደል ስህተትም አለ፣ አንድ ገጽ ላይ ንጉሡ ሠ፣ ሌላው ገጽ ላይ ያው ቃል በእሳቱ ሰ ተጽፎ አይቻለሁ፣ ልጅ እየተማረበት ያለ መጽሐፍ ነው እኮ። ፊደል ገበታው ግን ያው የድሮው የተስፋ ገብረ ሥላሴ አለ፣ እሱ አይለወጥም፣ እሱን ግዙ።

ደሞ ከናንተ መሃል ፒዲኤፍ ያለው ካለ ይላክልኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ፒዲኤፍ ስንልክ ነው ጸሐፊዎቹ መጻፍ ያቆሙት። ግዢ እህቴ።

አዲስ አበባ ነኝ

ወንድ ነኝ። እሺ እገዛለሁ።

ዲያቆኑ፣ ዴንቨር

ፊደል ገበታውን ካነሳችሁ አይቀር፣ የቄስ ትምህርት ቤት ቅደም ተከተሉ ዛሬም ይሠራል፦ ሀሁ፣ አቡጊዳ፣ ከዛ መልእክተ ዮሐንስ፣ እያለ ዳዊት። አንደኛዋ መልእክተ ዮሐንስ አምስት ምዕራፍ ብቻ ናት፣ «ልጆቼ ሆይ» እያለች ነው የምታወራው። የ11 ዓመቷ በአማርኛው ልትጨርሳት ትችላለች። ዱላውን ብቻ ተዉት።

የሦስት እናት፣ ቨርጂኒያ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ብዙዎቻችሁ ኢንቦክስ ስለጠየቃችሁኝ ነው።

ፓኬጁን አልመለስኩትም፣ የሒሳብና የንባቡን ክፍል እየተጠቀምኩ ነው፣ የታሪኩን መጽሐፍ ግን ልጆቹ ስህተት መፈለጊያ አርገውታል። የ8 ዓመቱ ጃንደረባውን በቡኒ እርሳስ ቀባው፣ ነጠላም አለበሰው፣ ሰረገላው ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብሎ ጻፈበት። አልተቆጣሁም። ባለ አንድ ዓይኑን ነገር ከነገርኳቸው በኋላ የቤተ ክርስቲያን ካላንደራችንን ግድግዳ ላይ ሲመረምሩ ነው ሚውሉት፣ አንድ ወታደር በጎን ስለተሳለ ፍርዱን ተቀብሏል።

ከ14ቱ መጽሐፍ አምስቱን አስቀረሁ። ስድስቱን እነሱ ትንሽ ሲያድጉ ብዬ ላይ ቁምሳጥን አወጣሁ። ሦስቱ ተበታትነዋል፣ ማስቲሹ ያልከው እውነት ነው ወንድሜ። የብስክሌት፣ ማለቴ የውሻው መጽሐፍ ወጥቷል፣ ጎረቤቴ ጴንጤዋ ስላንቺ ነው። ትልቋ መልእክተ ዮሐንስን ጀምራለች፣ ምዕራፍ 2 ላይ ናት፣ በቀን አራት ቁጥር፣ ስትሰለች ሦስት።

ቂርቆስን በተመለከተ፣ ዲያቆን እንዳሉት መጽሐፉን ዘግቼ በአፌ ነገርኳት። ገብርኤል መጣ ውሃው በረደ ስላት «ምን ያህል በረደ?» አለችኝ፣ እንደ ገንዳሽ አልኳት። «አሻንጉሊት ነበረበት?» አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። ገድሉ ላይ አለ ወይ ዲያቆን? 😅 ትላንት ኩሽና በር ላይ ቆማ ፓስታው እስኪወጣ አየች፣ አልገባችም ግን ቆመች።

አንድ ልመና፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ዲሲ ሚመጣ ሰው ካለ ሻንጣው ላይ ሁለት ኪሎ ቦታ ካለው በውስጥ ያናግረኝ፣ ፊደል ገበታና አንድ ዳዊት ነው፣ በርበሬ የለበትም።

ኦሃዮ አባወራ

እኔ በሰኔ 24 እመጣለሁ፣ ግማሽ ሻንጣ ባዶ ነው። የቤት ትምህርቱን ጉዳይ ግን ገና አልጨረስንም።